የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ መታወክ) እንዳለበት በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዴት ይጣራል?

ቱሉዲምቱ_ነርስ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ክፍል ለምትሠሩ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን በኩል የሚመጣልን ታካሚ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች፣ መካከለኛ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት፣ ሁለት ሦስት ቃል አገጣጥማ የምትናገር ሴት። ቤተሰብ «ከክረምት ወዲህ ተለወጠችብን» ይላል። ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ ሽንቷን መቆጣጠር ትታለች፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አልወርድም ትላለች። ካርዷ ላይ «የባህርይ ችግር» ተብሎ ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተጀምሯል።

ክፉ ነገር ደርሶባት ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ልጠይቅ ቢባልስ በምን? ፒሲኤል-5 የሚባለው የፒቲኤስዲ ምልክት መጠየቂያ ቅጽ 20 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ «ባለፈው አንድ ወር ምን ያህል አስቸገረሽ» ብሎ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይጠብቃል። ለእንዲህ ያለች ሰው አይሆንም። ሪፈር ከመጻፌ በፊት እዚሁ ላደርገው የምችለውን ንገሩኝ።

ክሊኒካል_ሳይኮ

ቅጹን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ የምትፈልጊው ይህች ሰው ከራሷ ከቀድሞዋ ምን ተለወጠባት፣ መቼ ተለወጠ የሚለውን ነው። ከእኩዮቿ ጋር ካስተያየሻት ሁሉም ነገር «ከውስንነቷ የመጣ ነው» ወደሚል ይወስድሻል። እነ ስቲቨን ራይስ በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ለባለሙያዎች አንድ ዓይነት የፍርሃት ሕመም ታሪክ ተሰጥቶ፣ ታካሚው የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ሲባል ሕመሙን የማየታቸው ነገር ቀነሰ። ውስንነቱ ጥላ ሆኖ ሌላውን ይሸፍነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀት አግድመሽ መሐሉ ላይ መስመር አስምሪ። ከመስመሩ በላይ የምትችለውን ጻፊ፦ ልብስ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ንግግር፣ ቡና ቁርስ ማዞር፣ ሱቅ ተልኮ መመለስ። ከመስመሩ በታች ሁኔታዋን፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ራስን መምታት፣ ከሰው መሸሽ። ጊዜውን በወር ስም አትጠይቂ፤ በበዓል ጠይቂ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ለሙስሊም ቤተሰብ ረመዳንና አረፋ፤ እነዚህ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚመጡ የትኛው ዓመት እንደሆነ አረጋግጪ። «መስቀል ላይ ራሷ ትለብስ ነበር? ጥምቀት ላይስ?» እያልሽ ሂጂ። ለዓመታት ቀስ እያለ የወረደ ነገርና በአንድ በዓልና በሚቀጥለው መካከል ገደል የገባ ነገር አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ካጋጠመሽ በዚያ መካከል ምን እንደሆነ መፈለግ አለብሽ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ክህሎት ማጣት ከጀመረ ደግሞ የመርሳት በሽታም በሐሳብሽ ይኑር።

መረጃውን ቢያንስ ከሁለት ሰው ውሰጂ፤ አንዱ ከዚያ ቤት የማይኖር ይሁን፤ መምህር፣ ጎረቤት፣ የእድር ሰው። ጉዳቱን ያደረሰው ሰው የቤቱ አባል ሊሆን ይችላል፤ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ እሷ የሚመልስልሽም እሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የ14 ቀን መዝገብ ስጫቸው። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ሰዓት፣ የት፣ ማን አጠገቧ ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ምን አደረገች፣ ምን ሲደረግ ቆመ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚተወው «ማን አጠገቧ ነበር» የሚለውን ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ በተለይ እሱን ነው። ሌላው የሚበላሸው፣ ያዩትን ሳይሆን የፈረዱትን ይጽፋሉ፤ «ተቆጣች»፣ «እልኸኛ ሆነች»። ምሳሌ ጽፈሽ ስጫቸው፦ «በሩ ሲንኳኳ መሬት ተኛች፣ ጆሮዋን ያዘች»። አሥራ አራቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ከመጣ ትናንት ማታ የተሞላ ነውና አትመኪበት። መጻፍ ለማይችሉ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እያንዳንዱ ነገር በሆነበት ሰዓት ይላኩ፤ ሰዓቱ ራሱ ይመዘገብልሻል።

ማታ_ተረኛ

ከሳይኮ ጋር እስማማለሁ፤ ግን መዝገቡ ከመጀመሩ በፊት አካሏን እዩልኝ። መናገር የማይችል ሰው ሕመሙን በጭንቅላቱ ግጭት ሊነግርሽ ይችላል። ጆሮ ውስጥ ተመልከቺ፣ ጥርሷን እዪ፣ ሆዷን ዳሺ (ድርቀት እጅግ ብዙ ነው)፣ ሽንት መርምሪ፣ ጨጓራዋን ጠይቂ። በወር አበባዋ ሰሞን ብቻ የሚብስ ከሆነ መዝገቡ ያሳይሻል። የእርግዝና ምርመራ አትዝለዪ። «እሷማ ከቤት ወጥታ አታውቅም» ቢሉሽም አትዝለዪ። ዳውን ሲንድሮም ካለባት የታይሮይድ ምርመራ አዘዢ።

ቀጥሎ መድኃኒት። መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን እዚያው የዘመን መስመር ላይ አስፍሪ። ሃሎፔሪዶል በጀመረ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እግር አላስቀምጥ የሚል ጭንቀት ያመጣል፤ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትንጎራደዳለች። ይህን ሰው ሁሉ «ባሰባት» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ሲጨመር ደግሞ ይብስባታል። ልዩነቱ፦ ከመድኃኒት የመጣው ቦታና ሰው አይለይም፣ ቀኑን ሙሉ አለ። የፒቲኤስዲው መበርገግ አንድ ነገር ይቀሰቅሰዋል፣ ደህና ቦታና የምታምነው ሰው ጋ ስትሆን ጋብ ይላል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስዱም ብዙ ናቸው፤ እሱ ራሱ መነጫነጭና መቅበጥበጥ ያመጣል። ማረጋጊያው ዲያዜፓም አንዳንዱን ሰው ከማረጋጋት ይልቅ ራሱን መቆጣጠር ያሳጣዋል። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤው ምልክት ብሎ ዲያዜፓም መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ (ኤምኤችጋፕ) አይደግፍም።

ፌኖባርቢታል ግን ማንም በራሱ እንዳያቆም፤ ድንገት ሲቆም የማያባራ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል።

ልዩ_ፍላጎት_ሰበታ

እሷን ራሷን ስለ መጠየቅ ማንም አልጻፈም! ሁለት ሦስት ቃል የምትናገር ሰው ብዙ ልትነግራችሁ ትችላለች፤ አጠያየቁ ነው የሚያፍናት።

መጀመሪያ ቋንቋ። ሰበታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ አካባቢ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ እየተነገረ ምርመራው በአማርኛ ይሆናል። በሁለተኛ ቋንቋዋ ዝም ስላለች አትችልም አይባልም። አስተርጓሚው ቤተሰብ አይሁን።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌለበት ይሁን፤ ሥዕል ሳሉ፣ ቆሎ ብሉ። በሩ በየት እንደሆነ እንድታይ አስቀምጧት፤ በእሷና በበሩ መካከል አትቀመጡ። ማቆም ስትፈልግ የምታሳየው ምልክት ይኑራት፤ መዳፏን ማንሳት ይበቃል። ጀምራችሁ አሠልጥኗትና ስታሳያችሁ በእውነት አቁሙ። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከተናቀ ሁለተኛ አትጠቀምበትም።

«አዎ/አይደለም» ጥያቄ ወጥመድ ነው። ሰውን ላለማስቀየም አዎ ይላሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ «ማታ ደህና ትተኛለሽ?»፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ማታ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል?»። ለሁለቱም አዎ ካለች አዎዎቿን አትቁጠሩ። «ይህ ነው ወይስ ያ?» ብላችሁ ስታማርጡ ደግሞ የመጨረሻውን ትደግማለች፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ድገሙት ወይም ሁለቱን በሥዕል አሳዩዋት።

ለመጠን ቁጥር አትጠቀሙ። ሦስት ሲኒ አስቀምጡ፦ ባዶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ከዚያ ስለ ፍርሃት ሳይሆን ስለሚታወቅ ነገር ፈትኗት፦ «ሽሮ ምን ያህል ትወጃለሽ? ኮሶስ?» በዚህ ከተሳካላት ሲኒው ይሠራል። ካልተሳካላት መጠን መጠየቁን ትታችሁ «አለ/የለም» ላይ ቁሙ።

አባባሉ ለምሳሌ፦ ሳይፈልጉ ስለሚመጣ ትውስታ «ያ ነገር ሳትጠሪው ይመጣብሻል?»፤ ክስተቱ ዳግም እየሆነ ስለመምሰሉ «አሁንም እየሆነ ነው የሚመስልሽ?»፤ ራስን ስለመውቀስ «ጥፋቱ የማን ነው?»። የቅጹ «ስለወደፊቱ ተስፋ መቁረጥ» የመሰለ ረቂቅ ጥያቄ ይቅር፤ መልስ ቢመጣ እንኳ ምን እንደመለሰች አታውቁም።

ከቤተሰብ ጋር ስታወሩም ሰው የሚናገረውን ቃል ተጠቀሙ፦ ይቃዣል? ይባንናል? ይደነብራል? በር ሲንኳኳ ይበረግጋል? ልብሱን ለብሶ ነው የሚተኛው? መቀርቀሪያውን ስንት ጊዜ ያያል? ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው?

ልዩ_ፍላጎት_ሰበታ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሁሌ ይዘለላል። ከሚያስታውሳት ነገር መሸሽ የሚባለው ምልክት እነዚህ ሰዎች ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም የት እንደሚሄዱ የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። እኔና እናንተ የምንፈራውን መንገድ ትተን በሌላ እንዞራለን። እሷን እጇን ይዘው ይወስዷታል። ስለዚህ መሸሿ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ደረጃው አፍ ላይ መሬት መውደቅ፣ ታክሲ ሲመጣ ልብስ ማውለቅ፣ ልክ ሊወጡ ሲሉ መሽናት፣ የያዛትን እጅ መንከስ። ቤተሰቡ «እምቢተኛ» ይላል። እናንተ «የት ቦታ ሲደርሱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ እምቢተኝነት አይደለም።

ሳይካትሪ_ሬዚደንት

ጥሩ ውይይት ነው፤ ግን መስፈርቱ ላይ እንጠንቀቅ። ዲኤስኤም-5 የሚባለው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የምርመራ መስፈርት (2013 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሚጠይቀው ክስተቱን ነው፦ ሞት ወይም የሞት ስጋት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ጾታዊ ጥቃት። ከዚያ ቢያንስ ክስተቱን ዳግም ከመኖር ምልክቶች 1፣ ከሽሽቱ 1፣ ከሐሳብና ስሜት ለውጡ 2፣ ከመበርገጉ 2፣ ከአንድ ወር በላይ የቆየ፣ ኑሮን ያወከ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ፣ አይሲዲ-11፣ አጠር ያለ ነው፦ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ዳግም መኖር፣ ሽሽት፣ ዛሬም አደጋ ላይ ነኝ የሚል ስሜት፣ ቢያንስ ለብዙ ሳምንታት። መናገር ለማይችል ሰው አይሲዲ-11 ይቀለኛል፤ ሦስቱንም በዓይን ማየት ይቻላል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤም-አይዲ-2 የሚባለው መመሪያ የዲኤስኤምን መስፈርት ለእነዚህ ሰዎች እንዴት እንደምናነብ ያሳያል። ውስንነቱ ቀላል በሆነ ሰው መስፈርቱ ያው ነው። ከባድ በሆነ ሰው ምልክቱ በባህርይ ይገለጣል፤ የደረሰበትን ነገር በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ደግሞ ማሳየት፣ ራስን መጉዳት፣ ያለ ይዘት የሚያስፈራ ሕልም። በእንግሊዝ አገር በ2011 እ.ኤ.አ. የቀረበው ላንትስ የሚባል የአስደንጋጭ ክስተት ጉዳት መለኪያ ለቀላልና ለመካከለኛ ውስንነት ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንዱ ቅጽ ለራሱ ለሰውየው፣ ሌላው ለአስታማሚ። ውጤቱ ግን ለብቻው ምርመራ አይሆንም። ፒሲኤል-5 ላይ የሚባለውን የ31–33 መነሻ ነጥብ ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች አታውሉት።

ለምሳሌ ከመሀል ከተማ ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ተረበሸ ማለት ፒቲኤስዲ ያዘው ማለት አይደለም። ያ ከለውጥ ጋር የመላመድ መታወክ ሊሆን ይችላል።

ክሊኒካል_ሳይኮ

ሬዚደንት፣ በወረቀቱ ልክ ነህ። ግን የክስተቱ በር ለእነዚህ ሰዎች ጠባብ ነው። ሃያ ዓመት ያሳደገችው አያቱ ሞታ፣ ለቅሶው ላይ ሳይነገረው ጎረቤት ቤት ተቆልፎበት የቆየ ሰው በዲኤስኤም የክስተት መስፈርት አይገባም። ሆኖም በየሌሊቱ ይባንናል፣ በር ሲዘጋ ይጮኻል። ታስሮ የከረመውስ? ገመዱ «ለራሱ ደኅንነት» ስለተባለ ክስተት አይሆንም?

ሳይካትሪ_ሬዚደንት

መታሰሩ እንደ ሁኔታው ይገባል፤ ጉዳት ወይም የሞት ስጋት ካለው። አያቱ አይገቡም። ለዚያ «ሌላ የተገለጸ ከአስጨናቂ ክስተት ጋር የተያያዘ መታወክ» የሚል ቦታ አለልህ። ምልክቱን ሁሉ ጻፍ፣ ስሙን አትዘርጋው። ስሙን ለሁሉ ከሰጠነው ነገ እውነተኛው ሲመጣ የሚያምነን የለም።

ክሊኒካል_ሳይኮ

በስሙ አልጣላም። እንክብካቤው ግን ስሙን አይጠብቅ ነው የምለው። ክስተቱ ባይታወቅም እንኳ የሚቀሰቅሰውን ነገር መቀነስና ደኅንነቱን ማረጋገጥ ዛሬ ይጀመራል።

የአያት_እናት

ባለሙያ አይደለሁም፣ ይቅርታ። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ለብቻው እያወራ «ሂድ! ሂድ!» ይላል፣ እጁን ይመክታል። ጸበል ውሰጂው የሚሉኝ አሉ፣ ሐኪሙ ደግሞ ድምፅ ይሰማዋል ብሎ መድኃኒት ጨመረ። ምን ልያዝ?

ክሊኒካል_ሳይኮ

እህቴ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ለብቻ ማውራት በእነዚህ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀኑን እንዲያ እያሉ ያስቡታል። ለብቻው ሲያወራ ስለታየ ብቻ የአእምሮ ሕመም ነው አይባልም። የሚለው ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ እጁን የሚመክተው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከሆነ፣ አንድ የሆነበትን ነገር እየደገመው ሊሆን ይችላል። ይህን በስልክዎ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩት (ፊቱ ሌላ ሰው ጋ እንዳይደርስ)። መቼ እንደጀመረ፣ ማን አጠገቡ ሲሆን እንደሚመጣ ይጻፉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ «ይህ ከድንጋጤ የመጣ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ጸበሉን አልከለክልዎትም። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይቀጥል፣ ልጁ አይታሰር፣ አስገድደው አይያዙት፤ አንዴ ከታሰረ ያ ራሱ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። ውሃ ፊቱ ላይ ሲደርስ የሚደነብር ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ይግባ።

ማኅበራዊ_ሠራተኛ_አቃቂ

ጾታዊ ጥቃት የተጠረጠረ እንደሆነ ከላይ የተጻፈው የጥያቄ ዝርዝር ሁሉ ይቁም። ለምርመራ ብላችሁ አምስት ሰው አምስት ጊዜ ከጠየቃት ምስክርነቷ ይበላሻል፤ ተከላካዩ «አስተማሯት» ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ክፍት ጥያቄ፦ «ምን ሆነ? ከዚያስ?» የሰው ስም ከእናንተ አፍ አይውጣ። ቃሏን እንዳለ ጻፉ፤ «አባባ መታ እዚህ» ካለች «የአባቷን ጥቃት ገለጸች» ብላችሁ አታርሙት። ያሳየችውን የሰውነት ክፍልም ጻፉ።

ሰዓት ወሳኝ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ነው። ልብሷ አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ መስኮት ማዕከል አለ፤ ሕክምናውና የፖሊስ ጉዳዩ በአንድ ቦታ ይታያል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 623 መቃወም በማይችል ሰው ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃትን ለብቻው ይመለከታል፤ «እሺ ብላ ነው» የሚል ሽምግልና እንዳያታልላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ የት ታድራለች?

ቱሉዲምቱ_ነርስ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሌሊቱ ነው አሁንም የሚያምታታኝ። ሲባንኑ ቅዠት ነው፣ የሚጥል በሽታ ነው፣ ወይስ የሰፈሩ ጫጫታ?

ማታ_ተረኛ

ሰዓቱን ያዢ። ልክ እንደተኛች ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰዓታት ጮኻ ተነሥታ፣ ሲያነጋግሯት የማታውቅ፣ ጠዋት የማታስታውስ ከሆነ የእንቅልፍ ሽብር ነው። ወደ ንጋቱ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ነቅታ ሰው የምትለይና ተመልሳ መተኛት የምትፈራ ከሆነ ቅዠት። ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያለው፣ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ የሚጥል በሽታ ጠርጥሪ፤ በስልክ ያስቀርጹት፣ ከመጀመሪያው ባይሆን እንኳ። እንደዚያ ከሆነ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ወደሚሠራበት ላኪ፤ መደበኛ ውጤት ቢመጣም የሚጥል በሽታን አያስቀርም።

ጫጫታውን አትናቂ። እዚህ ዳር ዳር ላይ ጅብና ውሻ አለ፣ የድንጋይ ካባ ፍንዳታ አለ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለጤነኛም ያስደነግጣል፣ በመስቀል ሰሞን ርችት። የመዝገቡ «ከዚያ በፊት ምን ሆነ» ዓምድ ለዚህ ነው። ድምፁ ሁሉ ካስደነገጣት አጠቃላይ መበርገግ ነው፤ አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የብረት በር ሲንጋጋ፣ የዚያን ድምፅ ታሪክ ፈልጊ።

ማኅበራዊ_ሠራተኛ_አቃቂ

ክስተቱ ማኅበረሰቡ የሚያውቀው ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከሌላ ማግኘት ይቻላል። የቆሼ የቆሻሻ ክምር መደርመስ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ ከ100 በላይ ሰው ያለቀበት። ከዚያ አካባቢ የመጣ ቤተሰብ ሲያጋጥማችሁ «የቆሼ ጊዜ የት ነበር? ማንን አጣ? ለቅሶ ላይ ነበር?» ብላችሁ ለቤተሰቡ ጠይቁ። ለሰውየው ግን አታንሡበት፤ እሱ ካነሣው ብቻ ተከተሉት። የሙት ዓመትና ተዝካር ሰሞንም ይብስበት እንደሆነ እዩ።

ሳይካትሪ_ሬዚደንት

ሪፈሩ ላይ፦ ወደ አማኑኤልም ሆነ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ስትልኩ «ባህርይዋ ተለውጧል፣ ለተሻለ ሕክምና» ብቻ አትጻፉ። ለውጡ የጀመረበትን በዓል ወይም ወር፣ ከዚያ በፊት ትችለው የነበረውንና ያጣችውን፣ የሚቀሰቅሳትን ቦታና ሰው፣ የአካል ምርመራውን ውጤት፣ እያንዳንዱ መድኃኒት የተጀመረበትን ቀንና መጠን፣ የምትናገረውን ቋንቋ፣ ማቆሚያ ምልክቷን ጻፉ። የ14 ቀኑን መዝገብ ኮፒ አያይዙ፤ ዋናው ቤተሰቡ ጋ ይቅር። ከተቻለ የመጀመሪያዋ ተራ እንድትሆን ስልክ ደውሉ፤ በተጨናነቀ ኮሪደር ግማሽ ቀን ከጠበቀች እኔ ክፍል የምትገባው ሌላ ሰው ሆና ነው።

ማታ_ተረኛ

ሰዓቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጻፉበት። «ሌሊት 8» ያላችሁት በፈረንጅ 8 ተብሎ ይነበብና ማታ ሳትተኛ የሆነ ነገር ይመስላል።